የቅዳሜ በር ይከፈትልን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአዲስ አበባ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ወጣቶችና ስፖርት ቢሮ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ሜዳዎች ቅዳሜና እሑድ፣ በክረምትም ጭምር ለሰፈር ልጆች እንዲከፈቱ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

እንደምን ከርማችኋል? የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ ነው። ከተማው አልቆ ማሳው ከሚጀምርበት ዳር። በሥራ ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አሥራ አራት ልጆች ይጠብቁኛል። ማንም አልሾመኝም፤ ደሞዝም የለውም። ልጅ ሆኜ ባስኬት እጫወት ነበር። የማውቀውን አሳያቸዋለሁ፣ በቃ።

ሜዳችን የምንለው በሦስት ብሎኮች መካከል ያለ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቅርጫቱን የሠራልን የሰፈራችን በያጅ ነው። ፌሮ አጉብጦ ክብ አደረገና ከውሃ ቧንቧ ጫፍ ላይ በየደው። ቧንቧው የቆመው ሲሚንቶ በተሞላ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ነው። መኪና ሲመጣ አራት ሆነን ዞር እናደርገዋለን። መረቡ የሽንኩርት ከረጢት ነው። ጉልት የሚሸጡ አንዲት እናት ናቸው የሚሰጡን። ሲቀደድ ሌላ ይቀይሩልናል። እግዜር ይስጣቸው።

አንድ ቀን ሜትር ይዤ ሄድኩና ለካሁት። ከመሬት እስከ ቀለበቱ 2 ሜትር ከ70 ሆነ። ዓለም አቀፉ ሕግ የሚለው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲሜትር ነው። 35 ሳንቲሜትር ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እጅ የለመደውን ከፍታ ይዞ ነው የሚያድገው። አጭሩን ቅርጫት የለመደ ልጅ ትክክለኛው ሜዳ ላይ ሲቆም ኳሷ ቀለበቱ ጋ ሳትደርስ ትወድቅበታለች። ያን ጊዜ እንደ አዲስ ማስተማር ነው።

ከቅርጫቱ የባሰው ግን መሬቱ ነው። ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ላይ ኳስ ቀጥ ብላ አትነጥርም። የድንጋዩን ጠርዝ ከመታች ወደ ጎን ትፈናጠራለች። መጋጠሚያው ውስጥ ከገባች ደግሞ እዚያው ሞታ ትቀራለች። ስለዚህ ልጆቼ ኳስ ማቀበል ይችላሉ። ቆመው መወርወርም ይችላሉ። ቀና ብለው እያነጠሩ መሮጥ ግን አልለመዱም። ዓይናቸው ሁልጊዜ መሬት ላይ ነው፣ ኳሷ የት እንደምትሄድ አያውቁማ። ቅርጫት ኳስ ደግሞ ቀና ብሎ ጓደኛን የማየት ጨዋታ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ከዚህ ቦታ በእግር ሰባት ደቂቃ ሄደን አንድ ትምህርት ቤት እናገኛለን። ስሙን አልጽፍም፤ ከሌሎቹ የተለየ ጥፋት የለበትም። ግቢው ውስጥ በሲሚንቶ የተለሰነ ሙሉ የቅርጫት ኳስ ሜዳ አለ። ቀለሙ ቢለቅም መስመሩ ይታያል። ሁለቱም ቅርጫቶች ደህና ናቸው። ዓርብ 11 ሰዓት ላይ በሩ ይቆለፋል። የሚከፈተው ሰኞ ጠዋት ነው። ክረምት ከገባ ደግሞ እስከ መስከረም እንደተዘጋ ይቆያል።

ከልጆቼ አንዷ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የምትማረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ኳሷን በብብቷ ይዛ፣ ግንባሯን የበሩ ብረት ላይ አስደግፋ አገኘኋት። ጥበቃውን ትለምናለች። «ጋሼ፣ አሥር ጊዜ ብቻ ወርውሬ ልውጣ። ይቁጠሩኝ» ትላቸዋለች። ጥበቃው ክፉ ሰው አይደሉም። «ልጄ፣ እኔ ብከፍትልሽ ምን ይከፋኛል? ትእዛዝ ነው» አሏት። ሰኞ ዩኒፎርም ለብሳ የምትገባበት በር ቅዳሜ ባዳ ያደርጋታል። እሷም ቶሎ አልሄደችም። ብረቱን እንደያዘች ቅርጫቱን ስታይ ቆየች።

ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬያቸዋለሁ። በጨዋ ደንብ ነው ያስተናገዱኝ። «መስኮት ቢሰበር፣ ዕቃ ቢጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደብዳቤ አምጣና እከፍታለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን እንደዚያ እል ነበር። ደብዳቤውን ፍለጋ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትምህርት ቤት ግቢ የኛ ጉዳይ አይደለም ተባልኩ። ወደ ሌላው ሄድኩ። ስፖርት ከሆነ ወደ ስፖርት ሂድ ተባልኩ። ከሥራ ሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ጉቦም የጠየቀኝ የለም። ደብዳቤውን መጻፍ የኔ ሥራ ነው የሚል ሰው ነው የጠፋው።

ለምን ይህን ያህል እንደምለፋ ልንገራችሁ።

ሐምሌ 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርድ ነበር። ከልጆቹ ጥቂቶቹ ጋር ደረጃው ሥር ተጠጋግተን በአንድ ስልክ ውጤት እንከታተላለን። ለንደን ላይ ደቡብ ሱዳን ከአሜሪካ ጋር ለኦሊምፒክ የዝግጅት ጨዋታ እያደረገች ነበር። አሜሪካ እነ ሌብሮን ጄምስንና ስቴፈን ከሪን አሰልፋለች። እረፍት ላይ ደቡብ ሱዳን 58 ለ42 መራች። ልጆቹ ስልኩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ደግመው ደጋግመው አዩት። መጨረሻ ላይ 8 ሰከንድ ሲቀር ሌብሮን አገባና 101 ለ100 አለቀ። አንድ ነጥብ! የተሸነፈው ቡድን የኛ ባይሆንም ያን ማታ ደረጃው ሥር የነበረው ሁሉ ደረቱ ተነፍቶ ነው የገባው።

ያን ጊዜ አንዱ ትንሽ ልጅ ዞር ብሎ «የኛስ መቼ ነው?» አለኝ። ስለ ወደፊቱ መጠየቁ አልነበረም። የጨዋታ ፕሮግራም እየጠየቀኝ ነው። ኢትዮጵያም በዚያ ሳምንት የሆነ ቦታ የምትጫወት መስሎታል።

ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር የሆነችው በሐምሌ 2003 ዓ.ም. ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርጫት ኳስ የዓለም ዋንጫ ተሳተፈች። ቻይናን 89 ለ69፣ ፊሊፒንስን 87 ለ68፣ አንጎላን 101 ለ78 አሸነፈች። ከአፍሪካ ቡድኖች ቀዳሚ ሆና ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈች። ፓሪስ ሄዳም ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረታች። ይህ ሁሉ ሲሆን በአገሯ ጣሪያ ያለው ሜዳ አልነበራትም። አብዛኞቹ ተጫዋቾቿ ያደጉት በስደት፣ በሰው አገር ነው። ፌዴሬሽኑን የሚመራው የቀድሞው የኤን ቢ ኤ (የአሜሪካ ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ተጫዋች ሉዎል ዴንግም ከደቡብ ሱዳኗ ከተማ ከዋው ወደ ግብፅ፣ ከግብፅ ወደ ለንደን የተሰደደ ልጅ ነበር።

በፓሪሱ ቡድን ውስጥ ካማን ማሉዋች የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ያደገው ካምፓላ ውስጥ ነው። ቁመቱን ያየ አንድ ሞተረኛ መንገድ ላይ አስቁሞ ቅርጫት ኳስ ሞክር ብሎት ነው የጀመረው። ሜዳው ለመድረስ ሩቅ መንገድ በእግሩ ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 የኤን ቢ ኤ ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሞተረኛው ብቻ አይደለም የሚታወሰኝ። ልጁ ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ሲደርስ የሚገባበት ሜዳ ነበረው።

እኛ አጭሮች ነን፣ ይህ ስፖርት የኛ አይደለም የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የፊሊፒንስ ሰው ከኛ ረጅም ነው? ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ1954 ሪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጥታለች። በ2015 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫውን ከጃፓንና ከኢንዶኔዥያ ጋር ስታዘጋጅ የመክፈቻ ቀን ጨዋታዋን 38,115 ሰው ገብቶ አየላት። በዓለም ዋንጫ ታሪክ እንደዚያ ያለ ተመልካች ታይቶ አያውቅም። ምስጢሩ ሰፈር ውስጥ ነው። ባራንጋይ የሚሉት አለ፣ እንደኛ ቀበሌ ማለት ነው። በየባራንጋዩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ማግኘት የተለመደ ነው። ሜዳው የሰፈሩ ስለሆነ ከሥራ የመጣውም፣ ከትምህርት የወጣውም እዚያው ይጫወታል። የዚያ ዓመት ዋንጫ ጳጉሜን 5 ቀን ማኒላ ላይ ሲጠናቀቅ ጀርመን ሰርቢያን 83 ለ77 አሸንፋ ወሰደች። ያን ቀን ቤታችን ለአዲስ ዓመት ጠላ እየተጠመቀ ነበር፤ እኔ ግን ልቤ ማኒላ ነበር።

ደግሞ እኛ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለንም። በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ወሰድን። ያንን የማያውቅ የለም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ካይሮ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተካሄደ። አምስት አገሮች ነበሩ፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው አላመኑኝም። ከመጀመሪያዎቹ አምስት አንዷ የነበረች አገር እስከ ዛሬ አንድም የዓለም ዋንጫ ላይ አልደረሰችም።

ኪጋሊ በ2011 ዓ.ም. 10 ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ ከፍታ ከሁለት ዓመት በኋላ የአፍሪካ ሻምፒዮናን አስተናግዳበታለች። እንደዚያ ያለ አዳራሽ አዲስ አበባ ላይ ባይ ደስታዬን አልችለውም። እኔ ዛሬ የምለምናችሁ ግን ቁልፍ ነው።

ቢሮአችሁ ከትምህርት ቢሮ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ መመሪያ ያውጣ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሜዳ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ክረምት ላይ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን እንኳ ለሰፈሩ ልጆች ክፍት ይሁን። ርዕሰ መምህራኑ የሚፈሩት ተጠያቂነት በጽሑፍ ይታሰር። ለምሳሌ እኔ መታወቂያዬን አስይዤ፣ የልጆቹን ስም ዝርዝርና የወላጆችን ፊርማ አቅርቤ በሰዓቱ አስገብቼ በሰዓቱ ላስወጣ። የተሰበረ ካለ እኔ ልጠየቅ። የመማሪያ ክፍሉ ተቆልፎ ይቆይ፤ ሜዳው፣ ውሃውና መጸዳጃ ቤቱ ይበቃናል። ጥበቃዎቹም በነፃ አይልፉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይታሰብላቸው። ወላጆች በዚህ ላይ ለማዋጣት እንደማይሰስቱ ጠይቄ አውቃለሁ።

በቅርብ የትምህርት ቤት ሜዳ የሌለው ሰፈርም አለ። ለዚያ ሦስት ለሦስት የሚባለው ጨዋታ መፍትሔ ይሆናል። ከቶኪዮ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት ነው። የሚፈልገው አንድ ቅርጫትና 15 በ11 ሜትር የተለሰነ ቦታ ብቻ ነው። እባካችሁ፣ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ይሁን።

ከዚህ በፊት ከዚህ የከበደ ነገር ተሠርቷል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለሕዝብ ሲከፈቱ ብዙ ሰው አይሆንም ብሎ ነበር። ሆነ። አስፋልት ላይ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ አዛውንት ሲራመዱ አየን። ለአንድ ጠዋት አስፋልቱን ለሰው ማስለቀቅ ከተቻለ የትምህርት ቤት ግቢንም ለገዛ ተማሪዎቹ መክፈት ይቻላል።

ለምን መሀል ከተማ አይመጡም ትሉ ይሆናል። ትንሿ ስታዲየም አለች፣ እውነት ነው። ከአራብሳ አያት ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ነው። ደርሶ መልስ ሂሳቡን በአሥራ አራት አባዙት። ከሰልፉ ጋር ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሴቶቹን ልጆች ደግሞ ያን ያህል ርቀት የሚልክ ወላጅ የለም። እኔም አልፈርድባቸውም። በር አጠገብ ያለው ሜዳ የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ ለነሱ ነው። ከአሥራ አራቱ ልጆቼ አምስቱ ሴቶች ናቸው። ባለፈው ዓመት ስምንት ነበሩ። ሦስቱ የቀሩት ቦታው መኪና ማቆሚያ ስለሆነና ቆሞ የሚመለከታቸው ጎረምሳ ስለሚበዛ ነው። የአንዷ እናት «ወንድሜ፣ አጥር ያለው ቦታ ካገኘህ ያን ጊዜ አመጣልሃለሁ» ብለውኛል። ለሳቸው የምሰጠው መልስ እፈልጋለሁ።

መጥታችሁ ብታዩን ደስ ይለናል። ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፌሮው ቅርጫት ሥር ነን። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር አብረን በእግራችን እንሄዳለን፤ ሰባት ደቂቃ ነው። ልጅቷ ኳሷን ይዛ ትመጣለች። አሥር ጊዜ ትወረውራለች፣ እናንተ ትቆጥራላችሁ።

ከአክብሮት ጋር

የቅዳሜ ልጆች አሰልጣኝ
ቦሌ አራብሳ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለኢትዮጵያ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን