ሽሮውስ?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

አንዲት ሕመምተኛ ልጅ በምግብ ስላከመው ስለ ዶክተር ሆርስት ቢክል ሥራ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደሴ፣ አቦል እየተቀዳ፣ ጮክ ብዬ ለቤተሰቡ አነበብኩት። ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር ሳገኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ታሪኩ ደስ ይላል። እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም ውስጥ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ አትቆም፣ አትናገር፣ ጭንቅላቷን ከግድግዳ ታጋጫለች። ሕመሙ ፌኒልኬቶኑሪያ ይባላል። ጉበቷ ፌኒልአላኒን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል መፍጨት አይችልም፤ ደሟ ውስጥ ሲከማች አንጎሏን ይጎዳል። ቢክል እሱ የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጀላት። ዳዴ አለች፣ ቆመች፣ ወንበር ላይ ወጣች፤ ጸጉሯ ሳይቀር ጠቆረ። ከዚያ ለማረጋገጥ ብሎ ለእናትየው ሳይነግራት ፌኒልአላኒኑን መልሶ ጨመረበት። ልጅቷ ወደኋላ ተመለሰች። ዛሬ ይህን ማን ይፈቅድለት ነበር? ለማንኛውም ሥራው በ1953 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ታተመ።

እናንተ የዘለላችሁት እናትየዋን ነው። በየጠዋቱ ከላብራቶሪው ደጃፍ እየጠበቀች «ለልጄ መላ አምጣ» ብላ የነዘነዘችው እሷ ናት።

ብዕሬን ያስነሳኝ ግን ከጽሑፉ ጋር ያወጣችሁት የምግብ ሰንጠረዥ ነው። ለእነዚህ ልጆች የተከለከለው ሥጋ፣ እንቁላል፣ አይብና ወተት ነው ትላላችሁ። ይህን ሳነብ ጎረቤታችን «አብሽር ጋሼ፣ እኛን አይነካንም። ሥጋ እንደሁ ለበዓል ነው» አለችኝ። እየተናገረች የሽንብራ ቆሎዋን ትቆረጥማለች!

ሽንብራ፣ ምስር፣ አተር፣ ባቄላ ፕሮቲን ናቸው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የደረቀ ምስር በተመሳሳይ ክብደት 25 ግራም ገደማ ይደርሳል። ሽሮ ውሃ ሲገባበት ይቀጥናል እንጂ ፕሮቲኑ የትም አይሄድም። ጤፉም ቢሆን ባዶ አይደለም። እንግዲህ ወሎ ውስጥ የጾም ገበታ ላይ ምን ቀረ? የሰንጠረዣችሁ ዝርዝር የተቀዳው ጠዋት ጠዋት እንቁላልና አይብ ከሚበላ አገር ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ሰውን ያዘናጋል።

ደግሞ የሰማ ሁሉ ከልጁ ሽሮ ይንሳ አላልኩም። ጤነኛ ልጅ ሽሮ ያስፈልገዋል። በሽታው ያለበትም ቢሆን ፌኒልአላኒን ጨርሶ ቢቀርበት አያድግም፤ ትንሽ የግድ ያስፈልገዋል። መጠኑ በደም ምርመራ እየታየ በሐኪም ነው የሚወሰን። ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ዘረመል ሲወረስ የሚመጣ ሕመም ነው፤ እናትና አባት ፍጹም ጤነኛ ሆነው ሊወለድባቸው ይችላል። ስለዚህ «በእኛ ቤት የለም» ማለትም አይሠራም።

ጎረቤታችን ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ ቆሎውን አስቀመጠችና «ታዲያ እንዲህ ያለው ልጅ ምን ይብላ?» አለችኝ። ድንች አልኳት፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ቡላ። ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ስንት ማንኪያ ሽሮ፣ የእንጀራው ስንት እጅ፣ የጡት ወተቱስ በምን ልክ፣ ይህን የሚመልሰው የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። በቀጣዩ እትማችሁ አንዱን ጠይቃችሁ በማንኪያና በጭልፋ ጻፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ