ልጄ፣ ቀብድ እንዳትሰጪ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ። እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ግን ድሬን ሊጨርሳት ነው፣ ፋኑም ሌሊቱን ሙሉ እየዞረ ያንኑ ትኩስ አየር ነው የሚመልስልኝ። እናንተ ሐረሮች ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ተኙ።

ትናንት ወንድምሽ ደወለ። ስለ ጤናዬ ጠየቀ፣ ስለ ውሃው ጠየቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ነገር አለ ማለት ነው፣ ታውቂዋለሽ። ስጨቀጭቀው አወጣው። አሮጌ ኮሮላ ልትገዢ ነው፣ ቅዳሜ ቀብድ ልትሰጪ ነው። ያልነገርሽኝም እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው አሉ። ይኸው ተጨነቅኩ።

መኪና አትግዢ አላልኩም። በየሳምንቱ የደንገጎን ዳገት በሚኒባስ ስትወጪና ስትወርጂ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሰዓት ነው የምቆጥረው። የራስሽ ቢኖርሽ ደስ ይለኛል። በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌውም ዋጋው አልቀመስ ማለቱን አውቃለሁ፣ ስለዚህ ቸኩለሽ ቢሆን አልፈርድብሽም። ግን ቀብድ እንዳትሰጪ። ቢያንስ ይቺን ደብዳቤ አንብበሽ እስክትጨርሺ።

ወንድምሽ የሊብሬዋን ፎቶ በቴሌግራም ልኮልኝ መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ኢኢ90 ኮሮላ፣ 2ኢ ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር። ዕድሜዋ ካንቺ ይበልጣል። ሻጩ አራተኛ ባለቤት ነኝ ብሎሻል። የሴት መኪና ናት ብሎሻል። ይሄን የማይል ደላላ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ በዚህ አገር ወንድ መኪና ነድቶ የሚያውቅ አይመስልም። ሰርቪሷም ተጓድሎ አያውቅም፣ ደብተሩ ግን ቤት ስንቀይር ጠፋ አለሽ አሉ።

ደብተር እንዲሁ አይጠፋም ብዬ ልቆጣ ነበር። ግን እኔ ማን ነኝና።

መጀመሪያ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ባለቤቱን ይዘሽ የመኪናዋ ፋይል ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሂጂ፣ ያለ እሱ አያሳዩሽም። ፋይሉ ውስጥ የድሮዎቹ ባለቤቶች ስምና የሽያጭ ውሎቹ አሉ። ስማቸውን ጻፊ። እዳና እገዳም ካለባት እዚያው ይታወቃል። ከዚያ ሰዎቹን ፈልጊያቸው። ሐረርና ድሬ ደግሞ ሰው የሚጠፋባቸው ከተሞች አይደሉም፣ ሁለት ቦታ ከጠየቅሽ ሦስተኛው ጋ ዘመዱ ይወጣል። በየት በየት ትነዳት ነበር፣ ቺንጊያዋ፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ መቼ ተቀየረ፣ ቴስታታዋ፣ ያ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ወርዶ ያውቃል ወይ፣ ለምን ሸጥካት ብለሽ ጠይቂ። የመጨረሻውን አትርሺ። ለምን ሸጥካት ሲባል ሰው መልሱን ከመስጠቱ በፊት ፊቱ ይናገራል።

አባትሽ ቢኖር ይሄን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ይጨርስልሽ ነበር።

ጋራዡን ታስታውሺዋለሽ። ከኩሽኔታ ውስጥ የወጡትን ብረት ኳሶች እንደ ብይ ትጫወቺባቸው ነበር፣ አንዱን ውጠሽ ሁለት ቀን ያስጠበቅሽንን እሱን አልረሳውም። አባትሽ ሥራውን የለመደው ሽመንደፈር፣ ባቡሩ ጋ ነው። እዚያ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ የራሱ መዝገብ ነበረው፣ መኪናም ሰው ነው መዝገብ ያስፈልገዋል ይል ነበር። ስለዚህ እሱ ከመኪና ስር ሆኖ ይጮሃል፣ እኔ እጽፋለሁ። ታርጋ። የሻንሲ ቁጥር። ኪሎሜትር። «ጻፊ! ቴስታታ ወርዷል! ጓርኒሲዮን አዲስ! ቴርሞስታት ወጥቷል!» አንዳንዴ ሕፃን እያጠባሁ ነበር የምጽፈው። ያቺ ሕፃን አንቺ ነሽ። ጠንካራ ሽፋን ያላቸው ትልልቅ መዝገቦች፣ 11 ደርሰው ነበር።

የ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ስንቱን ከነቤቱ ሲወስድ ጋራዡ ውስጥ ውሃው እስከ ወገብ ደርሷል። መዝገቦቹ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ስለነበሩ አንድ ገጽ አልረጠበም። ጎርፍ የማራቸውን እኔ ሸጥኳቸው። አባትሽ ሙት ዓመቱ እንዳለፈ ጋራዡን ለቀቅኩ፣ መዝገቦቹንም ለአንድ ወረቀት ገዢ በኪሎ አስመዝኜ ሰጠሁ። ቦታ ይዘዋል አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቦታ አልያዙም። ሳያቸው ድምፁ ይመጣብኝ ነበር።

ከጥቂት ወር በኋላ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር የባቢሌ ለውዝ ገዛሁ። ልጅቷ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ጥቅልሉን ስፈታው የራሴ ጽሑፍ ነው። ግማሽ ታርጋ፣ ከስሩ «ቴርሞስታት ወጥቷል»። በማግሥቱ ሄጄ የቀረውን ወረቀት እገዛለሁ አልኳት። አልቋል አለችኝ።

ይሄም ባልከፋ። አንድ አስተማሪ ነበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ቤተሰቡ እናንተ ሰፈር ነው። ያገለገለ ሃይሉክስ ፒክአፕ ሊገዛ ሻጩ «የእገሌ ጋራዥ ነበር የምትሠራው፣ ቺንጊያዋም እዚያ ተቀይሯል» አለው። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ እቤት ድረስ መጣ። እማማ መዝገቡን ሊያዩልኝ ይችላሉ ወይ አለ። መዝገቡ በለውዝ ተጠቅልሎ ድሬን እየዞረ ነው ልበለው? አፈርኩ። ደግሞም ኮራሁ፣ የባሌ እጅ የገባበት መኪና እንዴት ችግር ይኖርበታል ብዬ። «አዎ ተቀይሯል፣ ትዝ ይለኛል» አልኩት። ትዝ አይለኝም። ቡና አፍልቼ ሸኘሁት።

በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ዳሽቦርድ ላይ የቺንጊያ መብራት አለ፣ 100,000 ኪሎሜትር ሲሞላ ቀይር ብሎ ይበራል። የእሱ አልበራም። በኋላ ሲፈታ ለካ አምፖሉን አውጥተውታል። ቺንጊያው ደንገጎ ዳገት ላይ ተበጠሰ፣ ሚስቱና ልጆቹ ውስጥ ነበሩ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተነካም። ናፍጣ ሞተር ላይ ቺንጊያ ከተበጠሰ ግን ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ እዚያው አለቀ። ፒክአፑን በመለዋወጫ ዋጋ ሸጠው። እስካሁን ከዚራ ላይ ሲያየኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። ስለ ቺንጊያው አንድ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሻጭ ይዋሻል ትያለሽ። እኔ ምንም ሳልሸጥ ዋሸሁ። ለዚህ ነው ቀብድ እንዳትሰጪ የምልሽ። ሰው ስለ መኪና ትዝ ይለኛል ሲልሽ እናትሽን አስቢ።

በይ አሁን ስሚኝ። ቅዳሜ በጠዋት ሂጂ፣ በ12 ሰዓት፣ መጥቻለሁ ብለሽ ሳትደውዪ። መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው። ሞቆ ከጠበቀሽ ቀድሞ አስነስቷታል ማለት ነው፣ ሌላ ቀን እመለሳለሁ ብለሽ ውጪ። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ሞቆ ሳለ እንዳትከፍቺ፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል! ውሃው እንደ ጭቃ ከቀላ ዝገት ነው። የዘይት ክዳኑ ስር እንደ ወተት አረፋ የመሰለ ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል፣ ቻው ብለሽ ነይ። ከዚያ የኋላውን ክፈቺና ስንት ጀሪካን ውሃ እንደያዘ እዪ። አንድ የማንም ነው። ሦስት ከሆነ መኪናዋ ትፈላለች፣ እሱም ያውቃል።

ቴርሞስታቷን፣ ያቺን የሞተሩን ሙቀት የምታስተካክለዋን፣ አስፈትሺ። ድሬ ላይ መኪና ፈላ ሲባል አውጥቶ መጣል ልማድ ነው፣ አባትሽም ያደርገው ነበር፣ ሳይወድ። ከሌላት አንድ ቀን ፈልታ ታውቃለች ማለት ነው። ለሐረር ጠዋት ደግሞ ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይጠጣል።

የሻንሲ ቁጥሩ ከሞተሩ ኋላ ብረቱ ላይ ተመትቷል። በዓይንሽ ብቻ አታንብቢው። ነጭ ወረቀት አስደግፈሽ በእርሳስ ላዩን አሺው፣ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ያንን ከሊብሬው ጋር አስተያዪ። እዚያው አጠገብ ትንሽ ሳህን አለች፣ የቀለሙ ኮድ ሳይቀር ተጽፎባታል። ቀለሟ የፋብሪካ ነው ካለሽ እሷ ትፍረድ።

ኪሎሜትር ቆጣሪውን አትመኚው። በእሷ ዕድሜ ያለ መኪና ስንቴ እንደተመለሰ ማን ያውቃል። የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ እዪ፣ ብረቱ እስኪወጣ ተበልቶ ቆጣሪው 80,000 ካለ ፔዳሉን እመኚ። የወንበሩን ቀበቶ እስከ መጨረሻ ሳቢው፣ ስሩ ላይ የተሰፋች ጨርቅ ላይ የተሠራበት ዘመን አለ። ጎማው ላይ አራት ቁጥር ፈልጊ። 2318 ካለ በ2018 እንደ ፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ጎማ አድርጌላታለሁ ስላለሽ ነው። የበሩ ጠርዝ ላይ የዘይት ቅያሪ ወረቀት ካለ ቀኑን አንብቢ። የሙጫ ምልክቱ ብቻ ቀርቶ ወረቀቱ ከተላጠ ለምን እንደላጠው ጠይቂው።

ምንጣፉንም ገልጠሽ አሽትቺ። የጎርፍ ጭቃ የወንበር ሃዲድ ውስጥ ስንት ዓመት ይቀመጣል። ጫማ አድርገሽ ሂጂ፣ በነጠላ ጫማ ጋራዥ አይገባም። ቁርስም በልተሽ። ሆድሽ ባዶ ሲሆን እሺ ማለት ትወጃለሽ፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ።

መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ ደላላው ያመጣልሽን ግን አይደለም። የአባትሽ ረዳት የነበረው ልጅ አሁን ሐረር ነው የሚሠራው፣ ስልኩን ወንድምሽ ይልክልሻል። ልጅ እላለሁ፣ ሸብቷል አሉ። ብር አልቀበልም ይልሻል፣ ኪሱ ውስጥ ክተቺለት።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ሻጩ ሁለተኛው ባለቤት የድሬ ሰው ነበር፣ ሳቢያን ይኖር ነበር ብሏል አለኝ ወንድምሽ። በዚያን ጊዜ የሳቢያን ኮሮላ ብዙው እኛ ጋ ነበር የሚመጣው። አባትሽ ቺንጊያ ሲቀይር እኔ መዝገብ ላይ ብጽፍም እሱ አያምነኝም ነበር። መልሶ ከመግጠሙ በፊት ሽፋኑ ላይ፣ ያ ከሞተሩ ጎን ያለው ጥቁር ፕላስቲክ፣ በምስማር ይጭርበታል። ወሩን፣ ዓመቱን፣ ኪሎሜትሩን። ሰባቱን እንደ ፈረንሳዮቹ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርግበታል፣ ሽመንደፈር የለመደው ነው።

ጨርቅ በትንሽ ቤንዚን አርጥበሽ ያንን ሽፋን ጥረጊው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ። ግራሶውና አቧራው ወፍራም ስለሚሆን ቶሎ አትሰልቺ። ጽሑፍ ካለው ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ቀረብ አድርገሽ። ከሌለውም ላኪልኝ።

ብታገኚው ግን እንዳትሞኚ። አባቴ የሠራት ናት ብለሽ ቀብድ እንዳትሰጪ። ያ ቺንጊያ እስካሁን ካለ 15 ዓመት አልፎታል፣ የማንም እጅ ቢሆን አይታመንም። ከገዛሻት በመጀመሪያው ሳምንት፣ ደንገጎን ሳትወርጂ፣ አስቀይሪው።

ሽፋኑን መካኒኩ እንዳይጥለው።

እናትሽ
ድሬዳዋ