ዋይፋይ የሌለው ፕሪንተር አይጣል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኮፒ ሥራ አለኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው፣ ዋይፋይ የሌለውን የቢሮ ዕቃ ሁሉ ጊዜ ያለፈበት እያሉ ደንበኛን ወደ አዲስ ግዢ የሚገፉ ሻጮች ስላጋጠሙኝ ነው።

ፕሪንተሬ የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ እንጂ ዋይፋይ የለውም፤ ኢንተርኔቱን በዋይፋይና በገመድ የሚያከፋፍለው ራውተር ደግሞ ያለው ከግቢው ማዶ ባለው ክፍል ነው። አንዱ ባለሙያ «በአዲስ ይቀይሩት» ሲለኝ፣ ሌላው በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ መቀበያ ሸጠልኝ። መቀበያው ግን ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ለሚጫንበት ኮምፒውተር እንጂ ለፕሪንተር የተሠራ ባለመሆኑ ምንም አልፈየደም።

መፍትሔው የተገኘው መሳቢያዬ ውስጥ ከነበረ አሮጌ ራውተር ነው። አንዳንድ ራውተሮች «ክላይንት» ወይም «ብሪጅ» የሚባል አሠራር አላቸው፤ ይህ ሲመረጥ ራውተሩ ልክ እንደ ስልክ የሌላውን ራውተር ዋይፋይ ይቀበልና በጀርባው ባለው መሰኪያ በኩል በገመድ ለተያያዘው ዕቃ ያቀብላል። ፕሪንተሩ ገመዱን እንጂ ከገመዱ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

ሁለት ቀን ያደከመኝ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱም ራውተሮች 192.168.1.1 የሚል አንድ ዓይነት አድራሻ ነበራቸው፤ አሮጌው ደግሞ ዲኤችሲፒ የሚባለውን፣ ለየዕቃው አድራሻ የማደል ሥራ፣ አላቆመም ነበር፤ በዚህም ምክንያት ፕሪንተሩ ከኮምፒውተሮቹ ይሰወርብኝ ነበር። የአሮጌውን አድራሻ 192.168.1.2 አድርጌ እደላውን ስዘጋበት ኅትመቱ ሠራ። የዋይፋይ ሞገድ ቆርቆሮ ሲያገኘው ስለሚመለስ፣ አሮጌውን ራውተር መስኮት ላይ አስቀምጬ ገመዱን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ከ5 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ይልቅ ግድግዳን የተሻለ የሚያልፈውን 2.4 ጊጋኸርዝ መርጫለሁ፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ለኅትመት ይበቃል።

ለምን ከራውተሩ ድረስ ገመድ አልዘረጋህም የሚለኝ ይኖራል። የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ስለሚሠራ፣ ለሚመቸው ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ግቢው የጋራ ነው፤ በክረምትም ጦሳ ተራራ ላይ ነጎድጓድ ሲበረታ፣ ከቤት ወደ ቤት በውጭ የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በመብረቅ ምክንያት በሚመጣ የኤሌክትሪክ ግፊት ከሁለቱም ጫፍ ያሉትን ዕቃዎች ሊያቃጥል ስለሚችል አልደፈርኩም።

ይህ አሠራር በሁሉም ራውተር ላይ አይገኝም። ስለዚህ ያገለገለ ራውተር የሚሸጡ ነጋዴዎች ዋጋውን ከመናገራቸው በፊት «ክላይንት ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዘው እንዲቀርቡ፣ ዝግጅት ክፍሉም ጉዳዩን በቴክኖሎጂ ዓምዱ በሥዕል አስደግፎ እንዲያስረዳልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለመቀበያው የከፈልኩት ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰልኝም።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ