ጋሻ የያዘው ልጅ

አባዬ፣

እንዴት ነህ? ጉልበትህስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስልክ ላይ ቶሎ ይደክምሃል፤ ለዚህ ነው ልጻፍልህ ያልኩት። ጋሼ ቀስ ብሎ ያንብብልህ። መሃል ላይ ከደከመህ ይተወውና ነገ ይጨርስልህ።

የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል፣ ሦስት ሳምንት ቀረው። ዘንድሮም እንደ ዓድዋ ዘማች ለብሼ አደባባይ እወጣለሁ። ግን እንደ በፊቱ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የአያትህን ፎቶ ሳገላብጥ ነው የከረምኩት። ባለፈው ስመጣ አንተ ተኝተህ ሳለ ከግድግዳው ላይ በስልኬ አነሳሁት። ሳልጠይቅህ ነው። ይቅርታ።

እያጎላሁ ሳየው ስንት ነገር አገኘሁ መሰለህ! አብረውኝ ከሚለብሱት ልጆች ብዙዎቹ ፀጉራቸውን አጎፍረው ይመጣሉ። እሱ እኮ የአምስቱ ዓመት አርበኞች መልክ ነው። ከ1928 በኋላ ጫካ የገቡት ናቸው ያጎፈሩት። በምኒልክ ዘመን ፎቶዎች ላይ ደጋግሞ የሚታየው በነጭ ሻሽ የታሰረ ራስ ነው። ምኒልክም እንደዚያው ናቸው። የአያትህም ራስ ታስሯል። ካኪ የለም። ጫማም የለም። እግራቸውን አጉልቼ አየሁት፤ ባዶ ነው። እኔም ዘንድሮ ስኒከሬን አወልቃለሁ። ብርድ ይመታሻል እንዳትለኝ።

በጎራዴው ደግሞ ተከራከርን። ፎቶው ላይ በቀኝ ጎናቸው ነው የታጠቁት። አብረውኝ የሚለብሱት «ጎራዴ በግራ ነው የሚታጠቀው፤ ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል» አሉኝ። እኔ ግን የያዙትን ጠመንጃ፣ ውጅግራውን አየሁት። ማቀባበያው በቀኝ በኩል ነው፣ እንደሚገባው። ተገልብጦ ቢሆን ኖሮ እሱም ግራ ይሆን ነበር። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። «ጋሻ በግራ ክንድ ነው፣ ጎራዴ በቀኝ ጎን» ትለን ነበር፣ በመጥረጊያ እንጨት እያሳየህ። ጋሼ ሲያነብልህ ይህን ቦታ ሁለቴ ይድገምልህ።

አሁን የምልህ ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የቆየ ነው።

መጀመሪያ የወጣሁ ዓመት፣ ያቺን ኩታ ከፎቶው አይቼ ነበር ያሠራኋት። ፎቶው ላይ ጥለቱ ጥቁር ነው። እኔም በጥቁር አሠራሁት። ለብሼ ላሳይህ መጣሁ። እንግዳ ተቀምጧል። ቀና ብለህ አየኸኝና «ማን ሞቶብሽ ነው?» አልከኝ። ቀጥለህ ደግሞ «የሰው ሞት ተለብሶ አይጨፈርበትም» አልክና ፊትህን አዞርክ። ኩታውን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ቡናውን እንኳ አልጠጣሁም።

በኋላ ነው የገባኝ። የዚያን ጊዜ የፎቶ መስታወት ቀይ ቀለም አይቀበልም ነበር። ሰማያዊ ነጣ ብሎ ይወጣል፣ ቀይ ደግሞ ጠቁሮ። ያ ጥቁር ያልኩት ጥለት ቀይ ነበር። ጃኖ ነው አባዬ! አንተ ይህን ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ሲለብሱት በዓይንህ አይተሃል፤ ጉልበታቸው ላይ ቁጭ ብለህ ነው ያደግከው። «ቀይ ነው ልጄ» ብትለኝ ምን ነበረበት? ሦስት ቃል ናት።

ለጭፈራ አይደለም የምለብሰው። እሳቸው በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነስተው የካቲት ላይ ዓድዋ ሲደርሱ ምን እንደተሸከሙ በትከሻዬ፣ ምን እንደረገጡ በእግሬ ልወቀው ብዬ ነው። አንተ ስለ ሞቱ ያልከውን ግን አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ለብሼ ስቆም፣ ፎቶ ላንሳሽ ያለኝን ሁሉ እሺ አልልም። ይህን አንተ ነህ ያስተማርከኝ፣ ብታስከፋኝም።

የልጅ ልጅህ ቁመቷ ጨምሯል። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ሒሳብ ላይ ጎበዝ ናት፣ አማርኛ ጽሕፈቷ ግን ገና ነው። ከካርቶን ጋሻ ሠርታለች። ዘንድሮ አብራኝ ትወጣለች። ማንን መሆን እንደምትፈልግ ታውቃለህ? በፎቶው ዳር ያለውን ልጅ። ፍሬሙ ግማሹን የቆረጠውን፣ ከአያትህ ኋላ ጋሻ ይዞ የቆመውን። «ስሙ ማነው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አንድ ጊዜ ነግረኸን ነበር። ክረምት ነው፣ መብራት ጠፍቶ። ማን እንደወለደው፣ ተመልሶ ይሁን ቀርቶ፣ ሁሉንም አወራኸን። እኔ ስለ ጠመንጃው ነበር የምጠይቅህ። ስለ ልጁ አላዳመጥኩም።

አባዬ፣ ባለፈው እሁድ ስደውል ሁለት ጊዜ በእትዬ ስም ጠራኸኝ። ዝም አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ድካም ይሆናል። ጋሼ ግን ለሐኪሙ ይንገረው፤ አትከልክለው። ኪኒንህን ምግብ ሳትቀምስ አትዋጥ።

ፎቶውንም ከመስኮቱ ፊት ለፊት አንሱት፣ ፀሐይ እየበላው ነው። የልጁን ስም ዛሬውኑ ለጋሼ ንገረው። በፎቶው ጀርባ ግን እንዳይጽፍ፣ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል። በሌላ ወረቀት ይጻፈው። የሚመጣልህ የስሙ ግማሽም ቢሆን ግማሹን ይጻፈው።

ቀዩን ጥለት አሠርቻለሁ። ለብሼው እመጣለሁ።

ልጅህ