ለአባባ፤ ቃል እየዋጡ ስላስቸገሩዎት ሰዎች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹ «አያታችን መቼ ነው የሚመጡት?» እያሉ አስቸግረውኛል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉኝ ይሆናል። ባለፈው ስንደዋወል ግማሹን ወሬ «እሺ፣ እሺ» እያሉ አለፉት። «ልጁ ፈተናውን አለፈ» ስልዎት «ነፍስ ይማር» አሉኝ። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

እህቴ እንደነገረችኝ እድር መሄድ ትተዋል። ሰዎቹ ቃል ይውጣሉ፣ የሬዲዮ ጋዜጠኞቹም አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም ይላሉ አሉ። ሰፈርተኛው በበኩሉ «ጋሼ መርሳት ጀምረዋል» እያለ ነው። አይቆጡኝና ሁለታችሁም ልክ አይደላችሁም።

ነገሩ ያለው ጆሮ ውስጥ ነው። ከታምቡሩ ወደ ውስጥ ቀንድ አውጣ የመሰለ ጥምዝምዝ አካል አለ። እዚያ ውስጥ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተደርድረዋል። መግቢያው አጠገብ ያሉት ቀጭኑን ድምፅ ይቀበላሉ፤ ወደ ውስጥ ያሉት ደግሞ ወፍራሙን። በዕድሜ ቀድመው የሚጎዱት የመግቢያዎቹ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላም ምትክ አይበቅልም። እርስዎ ብቻም አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆናቸው ሰዎች ከአራት አንዱ በላይ ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለበት።

አሁን ወደ እርስዎ ትምህርት፣ ወደ ፊደልና ድምፁ ልምጣ። አናባቢዎቹ ወፍራምና ጉልበተኞች ስለሆኑ ይደርስዎታል። ሰው መናገሩን የሚሰሙት ለዚህ ነው። ቃልን ከቃል ለመለየት ግን ተነባቢዎቹ ያስፈልጋሉ። ከእነሱም ስ፣ ሽ፣ ፍ፣ ት ቀጭንና ደካማ ናቸው፤ ትንፋሽ ብቻ ናቸው ቢባል ይቀላል። እነሱ ሲጠፉ ሳ፣ ፋ እና ታ ሁሉም «አ» መስለው ይመጡብዎታል። ስልክ ደግሞ ያባብሰዋል። የተለመደው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) ያለውን ድምፅ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ የ«ስ» ፉጨት አብዛኛው ከዚያ በላይ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ትንፋሽዎን ይዘው «ጥ» ይበሉ፤ «ቅ» ይበሉ። ይወጣል። ያንኑ ትንፋሽ እንደያዙ «ስ» ለማለት ይሞክሩ፤ እምቢ ይላል። ጥና ቅ የሳንባ አየር አይጠብቁም። የጉሮሮ በር ይዘጋና ከዚያ በላይ ያለው አየር ታምቆ ይፈነዳል። ስለዚህ እነሱ እምብዛም አያስቸግሩዎትም ብዬ እገምታለሁ። እስቲ ይታዘቡና ይንገሩኝ።

ሌላው ችግር በንግግር መካከል ሁለት ነጥብ አለመኖሩ ነው። እርስዎ እስከ ዛሬ ሲጽፉ በየቃሉ መሃል ሁለት ነጥብ ያኖራሉ። አፍ ግን ቃላቱን አያይዞ ነው የሚያፈሳቸው። የቱ ጋ እንደሚቆረጡ የሚወስነው የሰሚው ጭንቅላት ነው። የጎደለውንም እሱ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከተቀዳ ንግግር ውስጥ አንዲት «ስ» ቆርጦ አወጣና በቦታዋ ሳል አስገባ። አዳማጮቹ ቃሉን ምንም ሳይጎድለው ሰሙት። ሳሉ የቱ ፊደል ላይ እንደነበር እንኳ በትክክል ማመልከት አቃታቸው።

እርስዎም ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ ያውም በየቃሉ። ማታ ማታ የሚደክምዎት ያለ ነገር አይደለም።

ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሰዎች ሲጨዋወቱ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት 10 ቋንቋዎችን አወዳድሮ ከዚህ ብዙ የራቀ አላገኘም። አንድ ሰው ግን የዕቃ ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ብቻ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ መልሳችንን የምናሰናዳው ሌላው ገና እየተናገረ ሳለ ነው። እድር ላይ እርስዎ የጎደለውን ፊደል እስኪሞሉ ጨዋታው ወደ ድንኳኑ ኪራይ ተሻግሯል። ዘግይተው ሲመልሱ «አረጁ» ይባላል፤ ዝም ሲሉ «ኮሩ»። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የአእምሮ ድካም ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ግምት ማን ይገምት ነበር?

ለእህቴ መጮኋን እንድትተው ጽፌላታለሁ። ጩኸት አናባቢውን ያጎላዋል እንጂ ለስና ለፍ ብዙም አይተርፍም። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ ዝቅ ያለውን አይሰማም፤ ከፍ ሲል ወዲያው ያመዋል። መጀመሪያ «ምን?» ብለው ቀጥሎ «ምን ያስጮህሻል!» የሚሉት ጠባይዎ ከፍቶ አይደለም። ሬዲዮውን አጥፍታ፣ ፊት ለፊት መጥታ፣ ረጋ ብላ ትናገር። አንድ ቃል እምቢ ካለም ያንኑ ከምትደጋግም በሌላ ቃል ትበለው። ከጓዳ ሆኖ መጣራት ቀርቷል።

ፊት ለፊት ያልኩት ለአክብሮት ብቻ አይደለም፤ ዓይንም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ1976 ማክገርክና ማክዶናልድ የተባሉ ተመራማሪዎች «ባ» የሚል ድምፅ «ጋ» በሚል ሰው ምስል ላይ ገጠሙ። አብዛኞቹ ተመልካቾች የሰሙት «ዳ» ነበር። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ግን «ባ» ሆነ። ስለዚህ ከእንግዲህ በእህቴ ስልክ በቴሌግራም በምስል ነው የምንገናኘው። መብራቱ ከኋላዬ እንዳይሆን እጠነቀቃለሁ። እድር ላይም ሰብሳቢው ትይዩ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡ፤ መሃል ላይ አይሁኑ።

ከፋሲካ በኋላ መጥቼ የጆሮ ሐኪም ጋ እወስድዎታለሁ። መጀመሪያ ኩክ ደፍኖት እንደሆነ ያያሉ፤ ኩክ ከሆነ በአንድ ቀን ይገላገላሉ። ካልሆነ የመስማት ምርመራ፣ ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ። መነጽር ሲያደርጉ አላፈሩም፤ ይሄም ያው ነው። ብቻ እንደ መነጽር በዕለቱ አይለመድም። ጭንቅላት እስኪለምደው ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ የማንኪያ ድምፅ ሁሉ ይረብሽዎታል፤ አውልቀው መሳቢያ ውስጥ እንዳይጥሉት።

ስለ ዋጋው ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። በሬውን ሊሸጡ አስበው ከሆነ ይተዉት።

ልጅዎ