ለልጄ፦ የቱን ማጫወቻ ትግዢ?

ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድሬ ሙቀቱ ስለበረታ ማታ ማታ አልጋውን ግቢ አውጥተን ነው የምንተኛው። እናትሽ ደግሞ «ሐረር ብርድ ነው» እያለች ስላንቺ ብርድ ልብስ ታስባለች።

የላክሽልኝን የሦስቱን የሙዚቃ ማጫወቻዎች ፎቶ አየሁት። «አባዬ፣ የቱ ይሻለኛል?» ብለሽኛል። በቴሌግራም በአንድ መስመር መመለስ አልፈለግኩም። መጋላ ውስጥ ቴፕና ራዲዮ ስጠግን ነው የኖርኩት። የማውቀውን ለልጄ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

እናትሽ «ስልክ እያላት ሌላ ዕቃ ምን ያደርግላታል?» ብላለች። እኔ ግን ካንቺ ጋር ነኝ። ስልክሽ የሥራሽ ነው። ከሆስፒታል ይደወላል፣ መልእክት ይገባል፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከአዳር ተመልሰሽ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አርፈሽ የምትሰሚበት ዕቃ ያስፈልግሻል። መብራት በጠፋ ቁጥርም የስልክሽን ባትሪ ለሙዚቃ አትጨርሺም።

ብዙ ሰው ማጫወቻ ሲመርጥ መጀመሪያ ዕቃውን ያያል። እኔ የማስቀድመው የሚጫወተውን ፋይል ነው። ፋይሉ ከተበላሸ የትኛውም ውድ ዕቃ አያድነውም።

አብዛኛው እጅሽ ላይ ያለው ዘፈን ኤምፒ3 ነው። ኤምፒ3 በዋናነት በጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም የተሠራ ዘዴ ነው። ፋይሉን ለማሳነስ ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ ቆርጦ ይጥላል። የሲዲ ድምፅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ ኪሎቢት የመረጃ መጠን መለኪያ ነው። 128 የሚባለው ኤምፒ3፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ማለት ነው፣ ከዚያ የሚይዘው አንድ አሥራ አንደኛውን ያህል ነው። ጉዳቱ የት እንደሚታወቅ ልንገርሽ። ሲምባሉ ይንሻፈፋል። ጭብጨባው ይድበሰበሳል። ዋሽንት ነፊው የሚስበው ትንፋሽ ይጠፋል። 320 ከሆነ ግን ብዙ ሰው ከሲዲው መለየት ያቅተዋል፤ እሱ ካለሽ አትጨነቂ።

ከዚህ የሚሻለው ፍላክ የሚባለው ነው። ፍላክ ምንም አይጥልም። የእናትሽን ድሪያ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደማስቀመጥ ነው፤ ቦታ ይቆጥባል፣ ሲዘረጋ ያው ሙሉ ልብስ ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ የሲዲውን ግማሽ ያህል ይሆናል። አደራ የምልሽ ግን፣ «ኤምፒ3ሽን ወደ ፍላክ እንቀይርልሽ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ ገንዘብሽን አትስጪ። አንዴ ተቆርጦ የተጣለ ድምፅ አይመለስም። ፋይሉ ብቻ ነው የሚወፍረው።

አሁን ስለ ካሴቶቹ። ቤት ያሉት ካሴቶች ያንቺም ናቸው። አፍራን ቀሎ የሚባለው የሙዚቃ ቡድን እዚሁ ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲነሳ፣ ዓሊ ቢራም የተገኘው ከዚያው ነው። የዚያ ዘመን ድምፅ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ ነው እኔ ዘንድ የደረሰው። ሌላ ቦታ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በሥርዓቱ እቀዳልሻለሁ። መጀመሪያ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል አጸዳለሁ። ቀጥሎ ሄዱን የያዘችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ እያዞርኩ የሄዱን አቀማመጥ ከካሴቱ ጋር አስተካክላለሁ። ያቺ ብሎን በትንሹ ከዞረች ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይታፈናል። ካሴቶች በተለያየ ቴፕ ስለተቀዱ ለእያንዳንዱ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ይቀዳና «ካሴቱ አርጅቷል» ይላል። ካሴቱ አላረጀም፤ ሄዱ ነው የተጣመመው። ከዚያ በወንድምሽ ላፕቶፕ፣ ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እንቀዳዋለን። የ60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።

መጠኑንም አስቤዋለሁ። በሲዲ ጥራት አንድ ሰዓት ሙዚቃ 635 ሜጋባይት ያህል ነው። በፍላክ ግማሹ ነው። እንግዲህ 128 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ከ300 ሰዓት በላይ ይይዝልሻል። ካሴቶቻችን ሁሉ ገብተው ቦታ ይተርፋል። ለ512 ጊጋባይቱ ካርድ ገንዘብ አታውጪ። ከዕቃዎቹ አንዱ ላይ «ሃይ ሬስ»፣ ከሲዲ በላይ ጥራት አለው ለማለት፣ የሚል ወርቃማ ምልክት ተለጥፏል። እሱም አያጓጓሽ። የሰው ጆሮ ቢበዛ እስከ 20,000 ኸርዝ ነው የሚሰማው፤ ሲዲው ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሚለካ እስከ 22,050 ኸርዝ ድረስ ይይዛል። የኛ ካሴት ደግሞ ከዚያም በታች ነው።

ወደ ሦስቱ ዕቃዎች ልምጣ። የመጀመሪያው አንድሮይድ ያለው፣ ትልቅ ስክሪን ያለው ነው። ያምራል። ዩቲዩብም ቴሌግራምም ይጫንበታል። ግን ልጄ፣ እሱን ከገዛሽ ሁለተኛ ስልክ ነው የገዛሽው። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ከዓመታት በኋላ አፕሊኬሽኖቹ እየከበዱት ይሄዳል። ዘፈን በኢንተርኔት ብቻ ለሚሰማ ሰው ጥሩ ነው። አንቺ ግን የምትሰሚው ካርድ ላይ ያለውን ነው።

ሦስተኛው ያገለገለ አይፖድ ነው። ዋጋው ርካሽ መሆኑ ገብቶኛል። አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ስንቱን ሰው ሙዚቃ ያሰማ ዕቃ ነው፤ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አፕል በ2022 ማምረቱን አቁሟል። ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም፣ ፍላክን እንዳለ አያጫውትም፣ ባትሪው ደግሞ ያረጀ ነው የሚሆነው። ይቅርብሽ።

የኔ ምርጫ ሁለተኛው፣ ትንሹና በጣት የሚጫኑ ቁልፎች ያሉት ነው። የአምራቹ ስም ፊዮም ሆነ ሶኒ ወይም ሌላ ቢሆን ግድ የለኝም። ጨለማ ውስጥ ሳታዪው በጣትሽ ዳብሰሽ ዘፈን ትቀይሪበታለሽ። ካርድ ይገባበታል፣ ፍላክ ያጫውታል። የድሮው ዎክማን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲወጣ የነበረው ጥሩ ጠባይ ይኸው ነበር፦ ሥራው ማጫወት ብቻ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ግን በእጅሽ ይዘሽ ፈትሺው። ድሬ ስትመጪ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ አብረን እንሄዳለን። የራስሽን ኢርፎንና የራስሽን ካርድ ይዘሽ ነው የምትገቢው። ካርዱ ላይ ስሙ በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ዘፈን ይኑር። ብዙዎቹ ማጫወቻዎች ፊደላችንን አያውቁትም፤ ስሙ ባዶ ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል። እንደዚያ ከሆነ የፋይሎቹን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ይኖርብናል፤ ይህን ደግሞ ከመቅዳታችን በፊት ነው ማወቅ ያለብን። ኢርፎኑን ሰክተሽ መሰኪያውን በቀስታ አዙሪው፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ዕቃውን መልሺ። ድምፁን በጣም ዝቅ አድርገሽም ስሚው፣ በሁለቱም ጆሮ እኩል መሆን አለበት። አንቺ የምትሰሚው ሌሊት፣ በዝቅተኛ ድምፅ ነው።

የሚሞሪ ካርዱ ነገር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ላዩ ላይ 128 ተጽፎበት ውስጡ 8 የሆነ የውሸት ካርድ ገበያው ላይ አለ። ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ እንኳ 128 ነው የሚለው። የሚታወቀው ሲሞላ ነው፤ መጨረሻ ላይ የገቡት ዘፈኖች አይጫወቱም። ስለዚህ ገዝተሽ በዚያው ቀን ሙሉውን ሙዪውና የመጨረሻዎቹን ክፈቺያቸው።

ጁገል፣ የሐረር የግንቡ ውስጥ አሮጌ ከተማ፣ የተከራየሽውን ክፍል አይቼዋለሁ። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫው መደብ፣ ላይ ምንጣፍና መከዳ። ለሙዚቃ የተሰጠ ክፍል ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅን ይመልሰዋል፤ ምንጣፍና መከዳ ግን ይውጠዋል፣ ድምፁ አይጮህም። ስለዚህ የማይጠቅመኝን ትንሿን አምፕሊፋየርና ሁለቱን ስፒከሮች ላንቺ አስቀምጫለሁ። ስፒከሮቹን ጥግ አታስጠጊያቸው፤ ጥግ ባሱን ያሳብጠዋል። ማጫወቻሽ «ላይን አውት» የሚባል ድምፅን ወደ አምፕሊፋየር የሚያወጣ ቀዳዳ ካለው ከአምፕሊፋየሩ ጋር በሱ አገናኚው፤ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ከሌለው በኢርፎን ቀዳዳው ይሠራል፣ የማጫወቻውን ድምፅ ከፍ አድርገሽ በአምፕሊፋየሩ ትቆጣጠሪያለሽ። ገመዱን እኔ እሠራልሻለሁ። ብሉቱዝ አያስፈልግሽም። ጥሩ የሚባለው የብሉቱዝ ድምፅ ማስተላለፊያ ዘዴ፣ ኤልዳክ እንኳ በሰከንድ ከ990 ኪሎቢት አያልፍም። ቤት ውስጥ ሁለት እርምጃ ገመድ ምን ያስቸግራል?

ኢርፎን ላይ ግን አትሰስቺ። ከማጫወቻው ያተረፍሽውን ገንዘብ እዚያ አውዪው። ከ16 እስከ 32 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ያለውን ግዢ፣ ትንሽ ማጫወቻ በቀላሉ ይነዳዋል። 250 እና 300 የሚባሉት ጉልበት ይፈልጋሉ፤ ባንቺ ዕቃ ድምፃቸው ደካማ ነው የሚሆነው። ጆሮሽን ጠብቂ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ይቻላል ይላል፤ 90 ሲሆን ግን 4 ሰዓት ብቻ። አንቺ የጤና ሰው ነሽ፣ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። እኔ እንደ አባት ነው የምለው።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ብቻ። ሊቲየም ባትሪ ሙቀት ይገድለዋል። ሐረር ብዙ አያስጨንቅሽም፤ ድሬ ስትመጪ ግን ፀሐይ ላይ ወይም መኪና ውስጥ አትተዪው።

ለበዓል ስትመጪ ቅዳሜን ለታይዋን እንተወው። እስከዚያ ካሴቶቹን መቅዳት እጀምራለሁ። ከመደርደሪያው የትኞቹ እንዲቀድሙ እንደምትፈልጊ ጻፊልኝ፤ የአያትሽ የሰርግ ካሴትም አለ፣ እሱን እናትሽ አስቀድመው ብላኛለች።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ