ጌይን ድምፅ መጨመሪያ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደብረ ብርሃንና ሸዋ ሮቢት መካከል ሚኒባስ እነዳለሁ። ስለ ነዳጅና ስለ መንገድ ብዙ ሰው ይጽፋል። እኔ የምጽፈው ስለ መኪና ቴፕ ነው፤ በተለይ ወንበር ስር ስለሚታሰረው፣ የቴፑን ድምፅ ስለሚያጎላው አምፕሊፋየር (አምፕ)። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ተሳፋሪ በየቀኑ ጆሮውን የሚታመምበት፣ ሹፌርም ገንዘቡን የሚያቃጥልበት ጉዳይ ነው።

እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የበር ስፒከር ተቃጥሎብኛል። ቴፕ የሚገጥመው ባለሙያ አምፑን አስሮ ሲጨርስ ያሉትን ቁልፎች በሙሉ በካቻቢቴ እስከ ጥግ አዞራቸውና «አሁን ይጮኻል» ብሎ ሂሳቡን ተቀበለኝ። እውነትም ጮኸ። ወር ሳይሞላው የቀኙ ስፒከር መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ሄደ። ችግሩ ስፒከሩ ላይ አልነበረማ!

«ጌይን» ወይም «ሌቭል» የሚል የተጻፈባት ቁልፍ ድምፅ መጨመሪያ አይደለችም። ሥራዋ ከቴፑ የሚመጣውን ሲግናል ከአምፑ ጋር ማስማማት ነው። አንዱ ቴፕ ሲግናሉን ወደ አምፑ በሚያደርሰው በአርሲኤ ገመዱ 2 ቮልት ይልካል፣ ሌላው 4። ባለ 4 ቮልት ቴፕ ገጥማችሁ ቁልፏን እስከ ጥግ አዙራችሁ 0.2 ቮልት የሚለው ላይ ከተዋችኋት ቮልዩሙ ገና ሳይጋመስ አምፑ አቅሙ ያልቅበታል። ጀሪካን ከሞላ በኋላ ቧንቧ ብትከፍቱበት ውሃው መሬት ላይ ነው የሚፈሰው። ድምፁም ጫፉ ይቆረጣል፣ ይሻክራል፤ ትርፉ ሙቀት ሆኖ የስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ይበላዋል።

በኋላ በራሴ እጅ አስተካከልኩት። መጀመሪያ ሞተር አስነሳሁ፣ ምክንያቱም ሞተር ሲሠራ ቮልቱ ከ12 ወደ 14 ገደማ ከፍ ይላል። ቴፑ ላይ ቤዙንና ትሬብሉን ዜሮ አደረግሁ፤ ሎውድነሱንም፣ አምፑ ላይ ያለውን ቤዝ ቡስትም (ቤዝ የሚያጎላውን ቁልፍ) አጠፋሁ። በነገራችን ላይ በቤዝ ቡስት 6 ዴሲቤል ስትጨምሩ በዚያ የቤዝ ድምፅ ላይ ከአምፑ አራት እጥፍ ጉልበት እየጠየቃችሁት ነው። ጌይኑን ዝቅተኛው ላይ መልሼ፣ በጥራት የተቀዳ የማውቀውን ዘፈን ከፍቼ ቮልዩሙን ሦስት አራተኛ ላይ አደረስኩ፤ ከዚያ ጌይኑን ቀስ እያልኩ ድምፁ መሻከር እስኪጀምር ድረስ አዞርኩና ትንሽ ወደኋላ መለስኩት። አለቀ። ቴስተር ያለው ሰው ደግሞ ስፒከሮቹን ነቅሎ፣ ለበር ስፒከር የ1000፣ ለዉፈር (ለትልቁ የቤዝ ስፒከር) የ50 ኸርዝ መፈተሻ ድምፅ ከፍቶ መለካት ይችላል፤ በ4 ኦም 100 ዋት የሚሰጥ አምፕ ከሆነ ቴስተሩ በኤሲ 20 ቮልት ሲያነብ ጌይኑን ማዞር ማቆም ነው።

ክሮስኦቨሩም፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየስፒከሩ የሚከፋፍለው ማብሪያ፣ እንደዚሁ ይረሳል። ብዙ ሚኒባስ ላይ ሁሉንም ድምፅ በሚያሳልፈው «ፉል» ላይ ተትቶ ነው የማገኘው። የበር ስፒከር ከባድ ቤዝ የመሸከም አቅም የለውም፤ ከተመረጠው ኸርዝ በታች ያለውን ቤዝ በሚያስቀረው «ኤችፒኤፍ» ላይ አድርጋችሁ 80 ኸርዝ ላይ ቁረጡለት፣ ትንሿ ባለ 4 ኢንች ከሆነች 100 ወይም 120 ላይ። ዉፈሩን ወፍራሙን ድምፅ ብቻ በሚያሳልፈው «ኤልፒኤፍ» ላይ አድርጉት፣ እሱም 80 አካባቢ። 200 ላይ ከተዋችሁት የዘፋኙ ድምፅ ከወንበር ስር የሚወጣ ይመስላል፣ ኋላ የተቀመጠውም ሰው ደረቱን ይመታዋል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለስፒከር ብቻ ብዬ አይደለም። መንገዳችን ላይ ባለው ጣርማ በር ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ ፊት ለፊት የሚመጣው መኪና አይታይም፤ የምንተማመነው በክላክስ ነው። የሚሻክር ድምፅ ባለበት መኪና ክላክስም፣ የፍሬን ጩኸትም፣ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲልም አይሰማም። ድምፁ ሲጠራ ግን ዝቅ አድርጎም ዘፈኑን መስማት ይቻላል። ባለፈው ከደብረ ሲና የተሳፈሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ የዛሬው ደህና ነው፣ ራሴን አላመመኝም» ብለውኝ ወረዱ።

ቴፕ ገጣሚዎች፣ እባካችሁ ሂሳብ ከመቀበላችሁ በፊት አስር ደቂቃ ስጡን። ካቻቢቴውን እስከ ጥግ አታዙሩት። ሹፌሮችም ቁልፎቹ የት ላይ እንደቆሙ ቆማችሁ እዩ፣ ጠይቁ። የኔ ጌይን አሁን ከግማሽ በታች ነው፤ ስፒከሮቹም ከዚያ ወዲህ አልተቀየሩም።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር፣ ከደብረ ብርሃን